ለስድስት ደቂቃ ዝም ላላችሁልን የሀዋሳ ሰዎች

ሰላም የሀዋሳ ልጆች፣ ሰላም ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ የነበራችሁ ሁሉ። ከሁሉ በፊት ፈጣሪ ይመስገን። እኛ እነዛ ዩኒፎርም ለብሰን ኬብል ስንጎትት «እባካችሁ ትንሽ ዝም በሉልን» እያልን ስንለምናችሁ የነበርን የ11ኛ ክፍል የሚኒ ሚዲያ ተማሪዎች ነን። ቪዲዮው ትናንት ማታ አለቀ፣ እና መምህራችን ሳያየው፣ ማርክ ሳይያዝበት መጀመሪያ ለናንተ መፃፍ አለብኝ ብዬ ነው ቁጭ ያልኩት፣ ምክንያቱም ስራው ውስጥ ከኛ እኩል እናንተ አላችሁበት፣ ይሄን ለማሳመር ያልኩት አይደለም፣ ስታነቡት ይገባችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሴሚስተሩ ፕሮጀክታችን ላይቭ የሙዚቃ ቪዲዮ ነበር። ላይቭ ሲባል ደሞ ዘፈኑ ስቱዲዮ ተቀድቶ ከንፈር እያንቀሳቀሱ የሚቀረፀው አይነት አይደለም፣ ፕሌይባክ ክልክል ነው፣ ካሜራው ላይ የሚታየው ጣት የምትሰሙትን ድምፅ እዛው ላይ መምታት አለበት። መምህራችን ይሄን ሲያመጣው ስለ ሸክላ ዘመን እያወራልን ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ዘፋኙም ባንዱም ባንድ ላይ ሆነው ነበር የሚቀዱት፣ አንድ ሰው ከተሳሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ነው የሚጀምረው፣ ድምፅ እየቆረጡ መለጠፍ የለም። እኔ ያን ቀን ክፍል ውስጥ እንዲሁ ታሪክ ነው ብዬ ነበር የሰማሁት። ቅዳሜ ለት ነው በሰውነቴ የገባኝ።

ዘፈኑ የራሳችን ነው፣ ድምፃዊቷ የክፍላችን ልጅ ስለ አያቷ የፃፈችው፣ ትዝታ ቅኝት፣ ግማሹ በአማርኛ ግማሹ በሲዳሙ አፎ (በሲዳምኛ)፣ 5 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ከበሮ፣ ሁለት አቀባዮች። መጀመሪያ አዳራሽ ተፈቅዶልን ነበር፣ ሁለት ቀን ሲቀረው ተከለከልን። ምክንያቱን እዚህ አላወራም፣ አልፏል። ብቻ አስራ አራታችንም አጥር ስር ቁጭ ብለን የተላቀስንበት ቀን ነበር። ፍቅር ሐይቅ እናድርገው ያለው የማሲንቆ ልጃችን ነው፣ ሁላችንም እንዴ! በጥር፣ በቅዳሜ? ሙሽራው፣ ባጃጁ፣ ጀልባው፣ ንፋሱስ? አልነው፣ ሌላ ቦታ ግን አልነበረንም።

እቃውን በግማሽ ዋጋ ላከራየኸን የሳውንድ ሲስተም ወንድማችን፣ እግዜር ይስጥልን። አንተ የሁሉንም ድምፅ የምታቀላቅለውን ባለ 8 ቻናሏን ሚክሰር ስትሰጠን አንድ ነገር ደጋግመህ ነግረኸናል፣ ይቺ ሚክሰር ሁሉንም ድምፅ ቀላቅላ ወደ ላፕቶፕ የምታወጣው ሁለት ትራክ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ክራሩ ካነሰ አነሰ ነው፣ ቤዙ ከዋጠው ዋጠው ነው፣ ቤት ገብታችሁ ለየብቻ ከፍ ዝቅ ማድረግ የለም፣ እዛው አስተካክሉ ብለህ። ደሞ ሚክሰሩና የቤዙ አምፕ (ድምፅ ማጉያው) ካንድ ሶኬት ካልተሰኩ እዝዝዝ ሚል ድምፅ እንደሚያመጣ ያሳየኸን አንተ ነህ፣ ያቺን ባትነግረን ምኑን እንደምንነቅል ሳናውቅ ይመሽብን ነበር። ሳውንድ ቼክ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ዋጋ የለውም የሚል ሰው ካለ ቪዲዮውን በኢርፎን ይስማው።

ሐይቁ ጠዋት ጠዋት እንደ መስታወት ነው የሚተኛው፣ ከሰዓት ግን ንፋሱ ይነሳል፣ ይሄን የሀዋሳ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እኛ ደሞ የ11 ሰዓት ብርሃን ስለፈለግን ከንፋሱ ጋር መጋፈጥ ግድ ሆነ። የማሲንቆው ማይክ ስፖንጅ ነበረው ግን አልቻለውም፣ ፉፉፉ ይላል። ልጅ አዝለሽ ስታይን የነበርሽ እህት፣ ምንም ሳንጠይቅሽ የልጅሽን የሱፍ ካልሲ አውልቀሽ «ይሄን አልብሱት» ያልሽን፣ ስፖንጁ ላይ ስናለብሰው ንፋሱ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ማሲንቆው ተሰማ። እግሯ እንዳይበርዳት በነጠላሽ ጠቅልለሽ ነው የቆምሽው፣ አይቼሻለሁ።

ያን ቆሎ የሚሸጠውን ትንሽ ልጅ የምታውቁት ሰዎች ይሄን አንብቡለት። መጀመሪያ ካሜራው ፊት እየመጣ አስቸግሮን ነበር፣ ከዛ ካሜራ የምትይዘው ልጅ ና ስራ አለህ ብላ ጠራችው። ስራው ማጨብጨብ ነበር። የኛ ካሜራ አንድ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ አራቱ ስልኮች ናቸው፣ ድምፁ ደሞ ለብቻው ላፕቶፕ ላይ ነው የሚቀዳው፣ ስለዚህ ሁሉም መቅዳት ከጀመሩ በኋላ አንድ ሰው መሃል ገብቶ አንድ ጊዜ ጧ! ማድረግ አለበት፣ በኋላ ኤዲቲንግ ላይ ያቺን ጧ ፈልገን ነው አምስቱንም ምስል ከድምፁ ጋር የምናገጣጥመው። አምስቱንም ቴክ፣ አምስቱንም የቀረፃ ሙከራ ማለቴ ነው፣ ያጨበጨበው እሱ ነው። እጁን ከፍ አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ አንዴ ብቻ። እኛ ሳንነግረው ቆሎውን መሬት አስቀምጦ ዘፈኑ እስኪያልቅ ንቅንቅ አይልም ነበር። የኔ ጌታ እደግ ተመንደግ።

የመጀመሪያው ቴክ በባጃጅ ክላክስ ተበላሸ፣ ሁለተኛው ላይ ሁለተኛው ስንኝ ሲጀምር የክራሩ ጅማት ተበጠሰ። መለዋወጫ የለንም፣ ሱቅ እስከ ፒያሳ ሄዶ ለመመለስ ብርሃኑ አይጠብቀንም፣ ክራር ተጫዋቻችን ፊቷ አመድ መሰለ። ጋሼ፣ እዛ ዳር ላይ መረብ እየጠገኑ የነበሩት አባታችን፣ እርሶ ብድግ ብለው መጥተው ክራሩን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና «የኔ ልጅ ይሄ እኮ ናይለን ነው» ብለው ከመንጠቆ ክርዎ አንድ ክንድ የሚያክል ቆርጠው ሰጧት። በዚህ ክር አምባዛ አውጥቼበታለሁ አይበጠስም አሏት። እውነትም አልተበጠሰም። አዲስ ናይለን ስለሚለጠጥ በየቴኩ መሃል መልሳ መላልሳ መቃኘት ነበረባት፣ ግን ቪዲዮው ላይ የምትሰሟት ሶስተኛዋ ክር የሐይቁ ናት። እኔ ከዛ ወዲህ ያቺን ክር ለይቼ ነው የምሰማት።

ሶስተኛው ቴክ ጥሩ ሄዶ ሄዶ 4ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ጠፋ። በቃ ድርግም አለ። ላፕቶፑ በባትሪው አለ፣ ሚክሰሩ ግን ሞተ፣ የዘፋኟ ድምፅ ብቻ ያለ ማይክ አየር ላይ ቀረ። ሰዓቱ 11 ሰዓት ከ20 ነው፣ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሁለት ልጆች ማልቀስ ጀመሩ፣ እኔም ዞር ብያለሁ።

ጁስ ቤቷ ማዘር፣ ስለ እርሶ እንዴት አርጌ እንደምፅፍ አላውቅም። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ቤቱ ሰው ጢም ብሏል፣ መብራት ሲጠፋ ጁስ መፍጫው በጄኔሬተር ነው የሚሰራው። እርሶ ደንበኞችዎን «ይቅርታ ለግማሽ ሰዓት ጁስ የለም፣ ልጆቹ ይቅረፁ» ብለው ጄኔሬተሩን አስነቅለው ሰጡን። እኛ ብር እናምጣ ስንል ተቆጡን። ጄኔሬተሩ ደሞ ይጮሃል፣ ማይክ አጠገብ ማስነሳት አይቻልም፣ ልጅዎ ነው ከግንቡ ጀርባ ወስዶ ያቆመው፣ ኤክስቴንሽኑን ደሞ ከፎቶ ቤቱ አንድ ከሱቁ አንድ ከራሶ ቤት አንድ ሰብስቦ ቀጣጥሎ ሳበልን። ሚክሰርና አንዲት ትንሽ አምፕ ብዙ መብራት ስለማይበሉ ረጅሙ ገመድ ቻለው። ልጅዎ እዛ ጀርባ ጄኔሬተሩን ሲጠብቅ አንዱንም ቴክ አላየም። አንዱንም። ለሱ ለብቻው ነው የምናሳየው።

አራተኛው ላይ እንደገና ክላክስ። ተራ አስከባሪው ወንድማችን የተነሳው ያኔ ነው። እኛ እስከዛ ሰዓት ድረስ ሰው አንድ በአንድ ነበር የምንለምነው። አንተ ግን «ስንት ደቂቃ ነው የምትፈልጉት?» አልከኝ። ስድስት አልኩህ። «ስድስት ብቻ?» ብለህ በወዲህም በወዲያም ባጃጅ አስቆምክ፣ ሞተር አጥፉ አልክ፣ ተሳፋሪ ያለባቸው እንኳን አጠፉ፣ አንዲት እናት ከነዘንቢላቸው ወርደው ቆመው ሰሙ። ከዛ ወደ ጀልባዎቹ ጮህክ፣ እነሱም ሞተር አጥፍተው ውሃው ላይ ዝም ብለው ተንሳፈፉ። ቡና የምታፈላው እህታችን ቡናዋን ሙቀጫ ውስጥ ትታ ዘነዘናውን ጭኗ ላይ አስተኛችው። ፎቶ አንሺዎቹ፣ ድንች የምትሸጠዋ፣ ሙዚቃ ከፍታችሁ የነበራችሁ ካፌዎች፣ ሁላችሁም። እኔ ተወልጄ ያደግኩት እዚህ ነው፣ ፍቅር ሐይቅ በቅዳሜ ከሰዓት እንደዛ ፀጥ ሲል አይቼ አላውቅም። አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ የሐይቁ ወፍ፣ ክንፉን ሲያራግፍ ይሰማ ነበር።

ልጁ ጧ አደረገ። ክራሩ ገባ።

ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ነው ሰርገኛው የመጣው። ከሩቅ የመኪናው ክላክስ ሰልፉን ይዞ ጵጵጵ እያለ ሲመጣ ሰማሁት፣ ካሜራ የያዘችው ልጅ ዓይኗን ጨፈነች፣ ድምፃዊቷ ግን አላቆመችም። አለቀ ብዬ ነበር። ተራ አስከባሪው ሮጠ፣ በእጁ ምልክት እያሳየ፣ አንድም ቃል ሳይናገር፣ እና ክላክሱ ቆመ። አንድ በአንድ የመኪኖቹ ሞተር ጠፋ። ሙሽሮቹ ወረዱ። ያ ቀን በህይወታቸው አንዴ ነው፣ ፎቶ ለመነሳት የቀራቸው ብርሃን ከኛ እኩል ነው፣ ሚዜው ተቆጥቶ ቢናገረን እውነቱን ነው። ሙሽራዋ ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ ሙሽራው ጫማዋን ይዞላት፣ ሚዜዎቹ ከኋላ ተደርድረው ቆሙ። አጃቢው ሁሉ ከበሮውን ይዞ ሳይመታ ቆመ። ድምፃዊቷ የመጨረሻውን የሲዳሙ አፎ ስንኝ ወደነሱ ዞራ ነው የዘፈነችው፣ ሪሃርሳል ላይ እንደዛ ብላ አታውቅም። የመጨረሻው የክራር ምት ቀስ እያለ ሲጠፋ፣ ገና ሪከርድ ሳናቆም፣ የሙሽራዋ ወገኖች እልልልል አሉት።

ኤዲቲንጉን በአጭሩ ልለፈው፣ አምስት ማታ ፈጀ። ሁለቱ ስልኮች በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) የሚባል ስለሌላቸው በ30 ነበር የቀረፁት፣ ስልክ ደሞ ፍሬሙን አንዴ ያፈጥናል አንዴ ያዘገያል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ጭብጨባው ቢገጥምም መጨረሻ አካባቢ ከንፈርና ድምፅ ይለያያል፣ በየቦታው እየቆረጥን እየገፋን ነው ያስተካከልነው። የአይሲቲ መምህራችን ላብ ከፍተውልን አብረውን አምሽተዋል፣ ዘበኛው አባታችን ማታ ማታ እስከ በር ሸኝተውናል፣ ሴቶቹን ደሞ እስከ ቤታቸው። ወላጆቻችንም እንድናመሽ ስለፈቀዳችሁልን እናመሰግናለን፣ በተለይ የኔ እናት፣ እራቴን ሸፍነሽ ስትጠብቂኝ የከረምሽው።

እልልታው ላይ ተከራክረናል። ግማሾቻችን ይቆረጥ አሉ ምክንያቱም ዘፈኑ 5 ደቂቃ ከ40 ላይ አልቋል፣ የፕሮጀክቱ አካል አይደለም። መጨረሻ ላይ ድምፃዊቷ እሱ ከተቆረጠ ስሜን አውጡልኝ ስላለች ቀረ። እና ትክክል ናት።

አርብ ከሰዓት 9 ሰዓት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ውስጥ እናሳያለን፣ በዚህ ፅሁፍ ራሱን ያገኘ ሰው ሁሉ እንግዳችን ነው፣ በር ላይ የሚኒ ሚዲያ እንግዳ ነኝ በሉ ያስገቧችኋል። ጋሼ ናይለን የሰጡን፣ እርሶን መጥተን ነው የምንወስድዎት። የጄኔሬተሩን ቤንዚን እሁድ ሞልተን አምጥተናል ማዘር፣ ለልጅዎ ነው የሰጠነው፣ እንዳይቆጡት።

የቀራችሁን ሙሽሮቹ ናችሁ። ስማችሁን አናውቅም፣ ሚዜው ስልክ ሊሰጠን ሲል ግርግሩ ውስጥ ተጠፋፋን። ዘመድ የሆነ ሰው ይሄን ካነበበ ይንገርልን፣ ቪዲዮውን ከነእልልታው፣ ቆማችሁ የሰማችሁበትንም ምስል ጨምረን ፍላሽ ላይ ጭነን ጁስ ቤት ማዘር ጋ አስቀምጠንላችኋል። ነጭ ፖስታ ነው፣ ላዩ ላይ «ለሙሽሮቹ» ይላል።