ለአዳማ ጎረቤቶቻችን የቀረበ የምስጋና መልእክት

ሴት ልጃችን በ2011 ዓ.ም. ቀኗን ሞልታ ስትወለድ 1.9 ኪሎ ብቻ ነበረች። እንዲህ አንሰው ከሚወለዱ ልጆች አብዛኞቹ እስከ ሁለት ዓመታቸው እኩዮቻቸውን በቁመት ይደርሱባቸዋል፤ ከአሥሩ አንዱ ያህል ግን እንዳጠረ ይቀራል፤ የእኛዋም ከእነዚያ ሆነች። አምስት ዓመት ሲሞላት ቁመቷ 95 ሴንቲ ሜትር ነበር። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የሕክምና ተቋም «በደንብ አብሏት» ተብለን ሁለት ዓመት ሙሉ በገንፎና በእንቁላል ስናስጨንቃት መኖራችን አሁንም ያንገበግበኛል።

አዲስ አበባ የሚያክሟት የልጆች ሐኪማችን የግራ እጇን ራጅ አስነስተው የአጥንቷን ዕድሜ ካዩ በኋላ፣ የእድገት ሆርሞን እጥረት ባይኖርባትም ሆርሞኑ በመርፌ ቢሰጣት ቁመቷ ሊጨምር እንደሚችል፣ መድኃኒቱ ግን ላጠረ ልጅ ሁሉ የሚታዘዝ እንዳልሆነና የደም ስኳሯም መታየት እንዳለበት ሳይሰለቹ ስላስረዱን እናመሰግናለን።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሸክም በእናንተ ትከሻ ላይ ወደቀ። መርፌው በየማታው የሚወጋ፣ መድኃኒቱም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ የሚቀመጥ ሲሆን፣ በረዶ ከሆነም ይበላሻል። የአዳማን ሙቀት ለእናንተ አልነግራችሁም። መብራት በጠፋ ቁጥር ሳጥኑን ታቅፌ ስመጣ፣ ጄኔሬተር ያለዎት የፊት ለፊት ጎረቤታችን እናቴ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን በር ከፍተውልኛል፤ ለስላሳውን ከፍሪጅዎ አውጥተው ለእኛ ቦታ ለቀዋል። የእድራችን አባላት፣ ደንቡ ለሐዘን ብቻ ነው ሳትሉ ለመድኃኒቱ መግዣ አዋጥታችኋል። ነርሷ እህታችን፣ እኔ እጄ እየተንቀጠቀጠ በነበረባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት በየማታው እየመጣሽ፣ አንድ ቀን የቀኝ፣ አንድ ቀን የግራ ጭኗን እያፈራረቅሽ ወግተሽልኛል፤ ልጄም ከአንቺ ጋር እስከ አሥር መቁጠር ለምዳ ዛሬ ራሷ «አሁን ንቀይው» ትለኛለች።

በመጀመሪያው ዓመት 9፣ በሁለተኛው 7 ሴንቲ ሜትር ጨምራ አሁን 111 ደርሳለች። ልብስ ሰፊው ወንድማችን የዩኒፎርሟን ጉርድ እጥፋት ሁለት ጊዜ ፈትተው ሲያስረዝሙ ዋጋ አልተቀበሉም፤ ሦስተኛው ግን እጥፋት ስለሌለው አዲስ ጉርድ መግዛታችን ነው።

ሕክምናው ገና ስላላለቀ፣ እናቴ፣ የፍሪጅዎ ቦታ ለጊዜው እንዳይያዝብን በትሕትና እለምናለሁ።

የልጅቷ እናት፣ አዳማ