ንቦቻችሁ ለምን ተነሥተው ሄዱ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ክረምቱ አልፎ አበባው ሲፈነዳ የሱቃችን ስልክ ፋታ የለውም። «ንቦቼ ጥለውኝ ሄዱ፤ ቀፎው ምን ሆኖ ነው?» ትሉናላችሁ። እስቲ ነገሩን እናስረዳችሁ።

መጀመሪያ ቀፎውን ከፈት አድርጋችሁ እዩ። ንብም እጭም ካለ አልከዷችሁም፤ ተባዝተው ነው። አሮጊቷ ንግሥት ከሠራተኞቹ ግማሹን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አስከትላ ትወጣለች። ቤቱን ከነማሩ ለልጇ ትለቃለች። ደካማ ቀፎ እምብዛም መንጋ አያወጣም፤ ስለዚህ አትዘኑ።

ዋናው ምክንያት ጥበት ነው። ማሩ ሲሞላ ንግሥቷ እንቁላል የምትጥልበት ቦታ ታጣለች። ንቡ ስለሚጨናነቅም ጠረኗ ለሁሉም አይዳረስም። ያኔ ሠራተኞቹ አዲስ ንግሥት ማሳደግ ይጀምራሉ።

ይህን ቀድማችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። ትንሽ ጭስ ስጡና እጭ ያለበትን የሰም እንጀራ ቀስ ብላችሁ አንሡ። ታችኛው ጠርዝ ላይ የባቢሌ ለውዝ ከነቅርፊቱ የመሰለ፣ ቁልቁል የተንጠለጠለ ሰም ካለ የንግሥት ቤት ነው። ንግሥት ከእንቁላል ተነሥታ ለመውጣት 16 ቀን ይፈጅባታል። መንጋው ግን እስክትወጣ አይጠብቅም። ቤቷ በሰም ሲከደን፣ በ9ኛው ቀን ገደማ፣ አየሩ ከተመቸው ይነሣል። ለዚህ ነው በአበባ ወቅት በየሳምንቱ እዩ የምንላችሁ። የንግሥት ቤት ገና ካልተሠራ ተጨማሪ ሣጥን ደርቡ። ከተሠራ ግን ሣጥን ብቻውን አያስቆማቸውም፤ ደውሉልን፣ መጥተን ቀፎውን ለሁለት እንከፍለዋለን።

መንጋው የጎረቤት ዛፍ ላይ ካረፈ እባካችሁ ድንጋይም መድኃኒትም አታስነኩት። ማር ጠጥተው ስለሚወጡና የሚጠብቁት ቤት ስለሌላቸው ለመናደፍ ብዙም አይቸኩሉም። ቢሆንም የእኛ አገር ንብ ቁጡ ነው፤ ልጆችን አርቁ። አሳሾቹ አዲስ ቤት ፍለጋ ወጥተዋል። ሲመለሱ መንጋው ላይ እየጨፈሩ አቅጣጫውንና ርቀቱን ይነግራሉ። ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ ቶሎ ከጠራችሁን ባዶ ቀፎ ይዘን እንደርሳለን።

የቀረውን ቀፎ ለሦስት ሳምንት ያህል አትነካኩት። ወጣቷ ንግሥት ወጥታ አየር ላይ ተጠቅታ እስክትመለስና እንቁላል እስክትጀምር ጊዜ ትፈልጋለች። ማር ለመቁረጥም አትቸኩሉ።

ቀፎው ጭራሽ ባዶ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጉንዳን፣ ረሃብ፣ ሙቀት ወይም መነካካት አስመርሯቸዋል ማለት ነው። የድሬ ደንበኞቻችን በተለይ ጥላ አበጁላቸው፣ ውኃም በአቅራቢያው አኑሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
ቀፎ የሠራንላችሁ፣ ሐረር