እማሆይ ያን ማታ ምን ነበር ያሉን?

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ አደጉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መሐል ሜዳ እንደምታውቂያት ናት፤ ይህን ስጽፍልሽ ጋቢ ደርቤም ጣቴ ይደነዝዛል።

አባባ ያረፉ ጊዜ አልመጣሁም። ደውዬም አላጽናናሁሽም። መንገዱ ተዘግቶ ነበር ብዬ ልጀምር አስቤ ሰረዝኩት፤ መንገዱ ከተከፈተ በኋላም አልመጣሁማ። አርባቸው አለፈ፣ ሙት ዓመታቸው አለፈ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ እፍረቱ ራሱ እግሬን ያዘው። አራት ዓመት! ይቅር በይኝ። በደንብ የማለቅሰው ካንቺ ጋር ፊት ለፊት ስቀመጥ ነው። አሁን ግን የሚያስቸኩለኝ ጉዳይ አለ፣ መልሱም ካንቺ በቀር ማንም ዘንድ የለም።

አያቴ እማሆይ ያን ማታ በሩ ላይ ቆመው ምን ነበር ያሉን?

የቱን ማታ ብለሽ እንደማትጠይቂኝ አውቃለሁ። ጅብራው ሁሉ በጉሙ ውስጥ የቆመ ሰው እየመሰለን፣ ባዶ አቁማዳችንን በረዶው እንዳይመታን ራሳችን ላይ ደፍተን የሄድንበትን ነው። አንቺ ጫማሽ አንዱ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በአንድ እግርሽ ስታነክሺ «ተይኝ፣ እዚሁ ልተኛ» ያልሽበትን።

ያንን ማታ ልብ ወለድ አድርጌ እየጻፍኩት ነው። አዎ፣ እንደገና ጀመርኩ። እዚህ አካባቢ ያለን ጥቂት መምህራን አጫጭር ታሪኮች ሰብስበን አንድ መድብል ልናሳትም ተስማምተናል፤ የእኔ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ማለቅ አለበት። ስጽፍ ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ታግዣለሁ። ፊትሽ ሲጨማደድ ታየኝ። ቆይ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢኝ።

ያሳዩኝ ተማሪዎቼ ናቸው። አንዱ ልጅ ያመጣው ድርሰት ከዕድሜው በላይ አማረብኝና ጠርቼ ጠየቅሁት፤ ሳይደብቅ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ልቆጣው ተነስቼ ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ እኔም ሞከርኩት።

ጠቅሞኛል፤ ይህን ብደብቅሽ ውሸት ይሆናል። ሦስት ሰው ያነበበው ታሪክ ውስጥ አክስቲቱ ሚያዝያ ላይ ፀንሳ ነሐሴ ላይ ወልዳለች። አንዱም አላየውም፣ እሱ አገኘው። ከዚያም የበለጠ የጠቀመኝ «አንተ አትጻፍልኝ፣ ጠይቀኝ ብቻ» ስለው ነው። «በሩ ሲከፈት ልጅቷን መጀመሪያ የሸተታት ምንድን ነው?» አለኝ። ሁለት ገጽ ጻፍኩለት፦ የኩበቱ ጭስ፣ የረጠበው የበግ ጠጉር፣ ምጣድ ላይ የቀረው የገብስ ቆሎ። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ስንባባል አንቺ ነሽ ትዝ ያልሽኝ፤ በዚያች የኪራይ ክፍላችን በኩራዝ «እሺ ከዚያስ? ምን ለብሳ ነበር? ለምን አላለቀሰችም?» እያልሽ እንቅልፍ ስትነሺኝ። ያኔ ያሰለቸሽኝ ነገር ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

ራሱ እንዲጽፍ ስለቀው ግን ሌላ አገር ይዞኝ ይሄዳል። እማሆይ ደጅ ላይ የቡና ዛፍ ተከለ! ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነው ጓሳ ጫፍ፣ ገብስ እንኳ ውርጭ በሚመታው አገር። ማሳቸውን ጤፍ አደረገው። ጭላዳዎቹን ዛፍ ላይ አስተኛቸው፤ እኛ ሣር ሲነጩ ውለው ማታ ገደል ላይ ሲያድሩ እያየን ነው ያደግነው። የጓሳው ሣር ስለሚጠበቅበት የቄሮ ሥርዓት ስጠይቀው በስም ከሚመስለው ከሌላ ነገር ጋር አምታታብኝ፤ ሣሩ ዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ፣ ሲከፈት ሰው ሁሉ ማጭዱን ይዞ የሚወጣበትን፣ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ሲፈርስ እማሆይ እንደሞተ ሰው ያለቀሱለትን ነገር ቁጭ ብዬ እኔ አስረዳሁት። ልጅቷ ደግሞ አያቷን «አንቺ» ትላለች። «አንቱ» በል ብዬ አርሜው ሦስት መስመር ሳይሄድ ይመለሳል። ምሳሌያዊ አነጋገር ጨምር ካልኩት ማንም አፍ ላይ ኖሮ የማያውቅ ነገር «አባቶች እንዳሉት» ብሎ ያስገባልኛል።

ይህ ሁሉ አላስፈራኝም፤ የሚታይ ስህተት ይታረማል። ያስፈራኝ ሲያሳምር ነው። እማሆይ በረዶ ሲጥል ምን ይሉ እንደነበር ታስታውሻለሽ? «ዛሬስ ሰማዩ ጠጉሩን አራገፈ» ይሉ ነበር። ይህን ጽፌ «ቋንቋውን አቃናልኝ» ስለው «በረዶው በብዛት ወረደ» አድርጎ መለሰልኝ። አንቺን «እንዝርቴ» የሚሉሽን «ቀጭኗ ልጄ» አለው። (አሁንም እንዝርት ነሽ ወይስ ሥጋ ገዛሽ?)

የትምህርት ቤታችን የአይሲቲ መምህር ሲያስረዳኝ ምክንያቱ ገባኝ። የሚሠራው ከተማረው ስፍር ቁጥር የሌለው ጽሑፍ ተነስቶ፣ ከዚህ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለው የትኛው ነው እያለ በመገመት ነው። የሚገምተውም ብዙውን ጊዜ ሙሉ ቃል ሳይሆን ቁርጥራጩን ነው፤ የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ ቁራጭ ሲያልፍ የእኛ ይበጣጠሳል። አንዷ ፊደላችን ኮምፒውተር ውስጥ ስትቀመጥ በተለመደው አቀማመጥ 3 ባይት ትወስዳለች፣ የላቲኗ 1። የተማረበት የአማርኛ ጽሑፍም ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር ከእፍኝ አይበልጥም። ስለዚህ ብዙ ሰው ወዳለው ነገር ያደላል። እማሆይ ደግሞ ሌላ ሰው የማይለውን ነበር የሚሉት። እንግዲህ እንዴት ብሎ ያገኛቸዋል?

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እጄ ከበደኝ።

አንድ ሌሊት እንደለመደው ሲጠይቀኝ «አያትየዋ በሩን ከፍታ ልጆቹን ስታይ ምን አለች?» አለኝ። ብዕሬን ይዤ ቀረሁ። ኩራዙን በእጃቸው ከልለው እንደያዙት አያለሁ። ቆባቸው ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ነበር። አፋቸው ሲንቀሳቀስም አያለሁ። ድምፅ የለም! አንድም ቃል የለም። ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥኩ፣ ተነስቼ ውጭ ወጣሁ፣ ተመለስኩ። ደክሞኝ ነበር፣ በማግስቱ ፈተና ላርም ነበር። «እሺ፣ አንተ ጻፈው» አልኩት።

ወዲያው ጻፈው። «ልጆቼ፣ ጨለማው የመጣው ሊውጣችሁ አይደለም፤ ወደ ቤታችሁ የሚመራችሁን ብርሃን እንድታዩ ነው» አለ።

ያምራል አይደል? እኔም አማረኝና ተውኩት፤ በኋላ እቀይረዋለሁ ብዬ። ለፋሲካ እናቴ ዘንድ ሄጄ ታሪኩን አነበብኩላት። እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ «አዬ እናቴ! እንዲሁ ነበር ያሉኝ» አለች። እናቴ ያን ማታ አልነበረችም፤ ከእማሆይ አፍ ደጋግማ የሰማችው ግን እሷ ናት። አንድ አፍታ ደስ አለኝ፤ ማሽኑ እንዴት አወቀው ብዬ ተገረምኩ። ከዚያ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ቀዘቀዘ። አላወቀውማ። ከየት ያውቀዋል?

በሳምንቱ የሚካኤል ማኅበር ቤታችን ነበር። እናቴ ለጎረቤቶቿ ስለ እማሆይ ስታወራ ያንን ዓረፍተ ነገር ከነብርሃኑ ከነጨለማው አንድ ቃል ሳትስት ስትለው ሰማሁ። ሴቶቹ «ነፍሳቸውን ይማር፣ የቃል ሰው ነበሩ» አሉ። ጠላውን ይዤ እንደቆምኩ እጄ ተንቀጠቀጠ። የት ሄጄ ልመልሰው? «እማዬ፣ እሱን ያሉት እማሆይ አይደሉም፣ ስልኬ ነው» ልበላት? በስተርጅናዋ ከእናቷ የቀራትን አንድ ቃል ልንጠቃት?

ከዚያ ወዲህ እኔም ላስታውስ ስሞክር የሚመጣልኝ ያ ነው። ዓይኔን ስጨፍን እማሆይ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ የሚወጣው የማሽኑ ዓረፍተ ነገር ነው። ድሮ ባዶ የነበረው ቦታ አሁን ሞልቷል፣ ስለሞላም እውነተኛው የሚመለስበት በር የለውም።

«ልብ ወለድ አይደል እንዴ? መዋሸት የተፈቀደበት ብቸኛ ቦታ እሱ ነው» ትይኛለሽ፤ የራስሽ ቃል ነው፣ አልረሳሁትም። እኔ ራሴ ፈጥሬው ቢሆን ምንም አይመስለኝም ነበር። የራሴን ፈጠራ ከየት እንደወጣ አውቀዋለሁ፤ ከናፍቆቴ ነው፣ ካልሰማሁት ነገር ነው፣ እውነትም ባይሆን የእኔ ነው። እማሆይ ፈትሉን በጣታቸው ዳብሰው የየትኛው በግ ጠጉር እንደሆነ ይለዩ አልነበር? እኔ ይህን ዓረፍተ ነገር ዳበስኩት፣ ዳበስኩት፣ የማንም አይደለም።

በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ሪዬ ኩዳን የምትባል ጃፓናዊት ደራሲ የአኩታጋዋን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ስታሸንፍ ከመጽሐፏ 5 በመቶ ያህሉን ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ቃል በቃል እንደወሰደች ተናግራ ብዙ ሰው ተንጫጫ። እኔ ሳነበው አልተቆጣሁባትም። በእሷ ታሪክ ውስጥ ማሽኑ የሚናገረው እንደ ማሽን ሆኖ፣ ሲጠየቅ ሲመልስ ነው፤ በራሱ አፍ። ደግሞም አልደበቀችም። እኔ ግን የሞቱ መነኩሲት አፍ ውስጥ ነው ያስገባሁት፣ ያውም ሳልናገር።

ልሰርዘው እችላለሁ። ሰርዤዋለሁም፤ ሦስቴ ሰርዤ ሦስቴ መልሼዋለሁ። ከሰረዝኩት በኋላ የምጽፈው ምንድን ነው?

እስካሁን ያልነገርኩሽ ሌላ ነገር አለ… እንዴት እንደምለው አላውቅም። ለምን እንዳልሰማኋቸው የማውቅ ይመስለኛል።

በጓሳው እናቋርጥ ያልኩት እኔ ነበርኩ። አንቺ «በመኪና መንገዱ ይሻለናል፣ ጉሙ ወርዷል» ብለሽኝ ነበር። እኔ ነኝ አገሬ ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ ያልኩት። በሩ ሲከፈትና እማሆይ ሲያዩን ግን፣ እሳቸው ምንም ሳይጠይቁኝ «እሷ ናት፣ እሷ ናት በዚህ እንሂድ ያለችኝ» አልኩ። አንቺ አጠገቤ ባንድ ጫማ ቆመሽ። ቀና ብለሽ አየሽኝ፣ አልካድሽም፣ ዝም አልሽ። ከዚያ እማሆይ የተናገሩት ላንቺ ነው። ወዳንቺ ዞረው ነው የተናገሩት። እኔ ውሸቴ ጆሮዬ ውስጥ እየጮኸ ነበር፣ ምን ልስማ? በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አላነሳሽብኝም። በኪራይ ቤታችን ስንጣላ እንኳ፣ ማንኛዋም ሴት በምታነሳው ሰዓት፣ አላነሳሽውም።

በታሪኩ ውስጥ ሁለቱም ልጆች አብረው ነው መንገድ የሳቱት። እንዲያ አድርጌ ጻፍኩት። ማሽኑ ስንት ጥያቄ ሲጠይቀኝ ይህን አልጠየቀኝም፤ ስላልነገርኩት ሊጠይቀኝ አይችልም። አንቺ ብታነቢው ኖሮ ገና ከመጀመሪያው ገጽ «መንገዱን ማን መረጠው?» ትይኝ ነበር።

ስለዚህ እለምንሻለሁ። የምታስታውሺውን በቴሌግራም በድምፅሽ ላኪልኝ፣ በጽሑፍ አይሁን። አታሳምሪው። ተቆጥተው ከሆነ ቁጣቸውን፣ ተራግመው ከሆነ እርግማናቸውን፣ «ግቡ፣ በሩን ዝጉት» ብቻ ከሆነም እሱኑ። ግማሹን ብቻ ከሆነ የምታስታውሺው ግማሹን። ካላስታወስሽ አላስታውስም በዪኝ፤ ያኔ መስመሩን ባዶ እተወዋለሁ፣ በሩ ይከፈትና ልጆቹ ይገባሉ። ትዝታሽን እንዳላበላሽብሽ ያንን የማሽኑን ዓረፍተ ነገር ባልጽፍልሽ ይሻል ነበር፤ አሁን ነው የታወሰኝ። እባክሽ መልሰሽ አታንብቢው።

ለእናቴ ገና አልነገርኳትም። ካንቺ የሚመጣውን ይዤ ብሄድ ይሻላል፤ ባዶ እጄን ሄጄ የያዘችውን ከምወስድባት።

ክረምቱ ሳይገባ እመጣለሁ፣ አባባ መቃብር ላይ ትወስጂኛለሽ። ያ ሁለታችንን አንድ ላይ የጠቀለሉን ባና አሁንም አለ፣ ጠርዙ ተበልቷል እንጂ ያሞቃል። ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ያንቺ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር… እማሆይ መንገዱን ያሳትኩት እኔ እንደሆንኩ ያኔም ያውቁ ነበር ትያለሽ?

እህትሽ፤
ከመሐል ሜዳ