ጾም ሌላ፣ ራስን ማስራብ ሌላ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ባለ አንድ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ጾም በመጣ ቁጥር የሚገጥመኝን ነገር አንባቢዎቻችሁ እንዲያውቁት ስለፈለግሁ ይህን ጻፍኩ። በ2017 ዓ.ም. የካቲት ላይ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲገቡ ነገሩ ብሶ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ አልቀነሰም። ሰዎች ካሎሪ የሚቆጥረውን አፕ ከፍተው ስልካቸውን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጡና «ከጾሙ ጋር ክብደትም ልቀንስ ብል እምቢ አለኝ፤ እንዴት ነው የማልፈው?» ይሉኛል።

አፑ እምቢ የሚለው ለሴት በቀን ከ1,200 ካሎሪ በታች ሲጠየቅ ነው፤ ለወንድ ብዙዎቹ 1,500 ላይ ያቆማሉ። ይህ ገደብ በምክንያት የተቀመጠ ነው። ከዚያ በታች ሲወረድ ፕሮቲኑን፣ ብረቱን፣ ካልሲየሙንና ቫይታሚኑን ከቤት ምግብ ማሟላት ይከብዳል። ደግሞም አፑ ስልኩን የያዘው ሰው ስኳር ይኑርበት ግፊት፣ ነፍሰ ጡር ትሁን የምታጠባ አያውቅም። ሐኪም የሚያክመውን ሰው አውቆ፣ መርምሮ ከዚያ በታች ሊያወርደው ይችላል። አፑ ግን የሚያየው የጻፍንለትን ብቻ ነው።

ሰው ደግሞ መላ አያጣም። ያልበላውን ዳቦና ሙዝ እየመዘገበ ገደቡን ያልፋል። በአንዱ ረመዳን አንዲት የስኳር ታካሚ ደንበኛችን ከአሥር ሰዓት በኋላ መድኃኒት ልትወስድ መጣች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። በድሬ ሙቀት ላብ ማንንም አያስደነግጥም፤ እኔን ያስደነገጠኝ ገንዘቡን ስትሰጠኝ እጇ ቀዝቅዞ መንቀጥቀጡ ነው። ቁጭ አድርጌ ስለካት ስኳሯ 54 ነበር። ከ70 በታች ማነስ ነው፤ ከ54 በታች ሲወርድ ራስን መሳትም ሊመጣ ይችላል። ስኳር በውኃ በጥብጬ ስሰጣት «አቦ ተይኝ፣ ሙቀቱ ነው፤ መግሪብ እኮ ደርሷል» አለች። ተራ ይጠብቁ የነበሩ አንድ አባት ናቸው የረዱኝ። «ልጄ፣ ለታመመ አላህ ፈቅዷል። ጠጪ፤ ቀዷውን በኋላ ታወጪያለሽ» አሏት። ጠጣች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሜ ስለካት ከፍ ብሎ አገኘሁት፤ የሚበላም አስመጥተን በላች፤ መድኃኒቷ ቶሎ ከሰውነት የማይወጣ ስለሆነ ስኳሩ ብቻውን አይበቃም ነበር።

ሲሻላት ስልኳን አሳየችኝ። ጎህ ሳይቀድ ለሚበላው ሱሁር ሁለት ቴምርና ሻይ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ለሚበላው ፍጡር አንድ ሳህን ሾርባ፤ የቀረው አፑን ዝም ለማሰኘት የተጻፈ ነው። ሱሁር ላይ ደግሞ ግሊቤንክላማይዷን ሳታቋርጥ ትውጣለች። ይህ መድኃኒት ቆሽትን ኢንሱሊን አመንጪ እያለ የሚጎተጉት ነው፤ የበላ ሰው ይሁን ያልበላ አይለይም። ሌላው የስኳር መድኃኒት ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን እንዲህ የሚጥለው ከስንት አንዴ ነው። ኢንሱሊንና ግሊቤንክላማይድ ግን ምግብ ሲቀነስ መጠናቸውም ሰዓታቸውም በሐኪም መታየት አለበት። የሚያሸና የግፊት መድኃኒት የሚወስዱትም እንደዚሁ፤ ውኃ ሳይጠጡ በዚህ ሙቀት ውለው ሲነሱ ዓይናቸው ይጨልማል።

አንዳንዶች «በውጭ አገር በ800 ካሎሪ ስኳር ይድናል» ብለው ይሞግቱኛል። የሚያነሱት ጥናት አለ፤ እኔም ደስ የምሰኝበት ጥናት ነው። በብሪታንያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ሆነ። ታካሚዎቹ ከሦስት እስከ አምስት ወር በቀን ከ825 እስከ 853 ካሎሪ ብቻ ወሰዱ፤ ዓመት ሲሞላም 46 በመቶዎቹ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው መለኪያ በታች ሆነ። ግን አብሮ የማይነገረው ብዙ ነው። የስኳርና የግፊት መድኃኒታቸው ገና በመጀመሪያው ቀን በሐኪም እንዲቆም ተደርጓል። ኢንሱሊን የሚወስዱ አልገቡበትም፤ በሽታው ከታወቀባቸው ስድስት ዓመት ያለፋቸውም እንዲሁ። የሚጠጡት ቫይታሚንና ማዕድን ተመጥኖ የገባበት ዱቄት እንጂ ሻይና ቴምር አልነበረም። የኛ ሰው ካሎሪውን ብቻ ወስዶ ክትትሉን ይተወዋል፤ መድኃኒቱንም እንደ ድሮው ይውጣል።

ወጣቶቹ ደግሞ የስኮትላንዱን አንገስ ባርቤሪን ይጠቅሱልኛል። እ.ኤ.አ. በ1965 እና 66 ለ382 ቀናት ምግብ ሳይቀምስ ቆየ፤ እውነት ነው። የደንዲ ከተማ ሐኪሞች ደሙን እየመረመሩ፣ ቫይታሚን እየሰጡ ይከታተሉት እንደነበር ግን ቪዲዮዎቹ አይናገሩም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ በፈሳሽ ፕሮቲን ብቻ እንቀንሳለን ካሉት ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች መሞታቸውንም እንዲሁ፤ ከመካከላቸው የልብ ምት መዛባት የገደላቸው አሉ።

ሌላው የምፈራው ቁጥሩ ራሱ ልክ አለመሆኑን ነው። አፑ ውስጥ ያለውን «እንጀራ» ማን ጽፎ እንዳስገባው አይታወቅም፤ የሆቴሉና የቤቱ እንጀራ ደግሞ በስፋትም በውፍረትም አይገናኝም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ የጾም ሽሮና ምስር ደግሞ ዘይት ይወዳል። ስለዚህ 900 በላሁ የምትለው እህት 1,400 በልታ ሊሆን ይችላል። ኪሎዋ አልንቀሳቀስ ሲላት ግን «900ም በዝቶብኛል» ብላ ወደ 600 ትወርዳለች። እዚህ ላይ ስትደርስ ነው ማዞሩ፣ ፀጉር መርገፉ፣ የወር አበባ መዛባቱ የሚጀምረው።

እኔ ራሴ ጿሚ ነኝ። ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ፣ ከጥሉላት ርቄ፣ ያለ ድካም የምጨርሰው ማታ ምስሩንም ሽምብራውንም ጎመኑንም ጠግቤ ስለምበላ ነው። ጾም የሚበላበትን ሰዓትና የሚበላውን ዓይነት ይወስናል፤ በ600 ካሎሪ ዋሉ የሚል ሥርዓት ግን በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም አልሰማሁም። ለታመመ ሰው ቁርኣኑ ፈቅዷል፤ የንስሐ አባትም ይፈታሉ። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ግን መድኃኒት እየወሰደ «እኔ እኮ በሽተኛ አይደለሁም» የሚለው ብዙ ነው።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ረመዳንና ዐቢይ ጾም ሊገቡ አንድ ወር ሲቀር፣ የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሁሉ ሐኪሙ ዘንድ እንዲሄድ በጋዜጣችሁ አሳስቡልን፤ ክብደት መቀነስ የሚፈልግም ይህንኑ እዚያው ይናገር። የመድኃኒቱ ስም ከጠፋበት ባዶ ማሸጊያውን ይዞ ይሂድ። እኛም ጋ ይምጣ፤ ስኳር ለመለካት የሚፈጀው ከአንድ ደቂቃ በታች ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ፋርማሲስት፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ