የጫጩት ደም ተቅማጥና የመድኃኒቱ ልክ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ክረምቱ እየገባ ነው። የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የአንድ ቀን ጫጩት ተረክበው እስከ 45 ቀን አሳድገው የሚሸጡ ማኅበራትና ግለሰቦች በየከተማው በርክተዋል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ፣ በተለይም ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት፣ ጫጩት ከሚጨርሱት በሽታዎች አንዱ ኮክሲዲዮሲስ ነው፤ አሳዳጊው የደም ተቅማጥ የሚለው። መድኃኒት አለው። ጫጩቱ የሚያልቀው ብዙ ጊዜ የማይመለከተው መድኃኒት ስለሚሰጠው፣ ወይም ትክክለኛው በግምት ስለሚበጠበጥ ነው።

በሽታውን የሚያመጣው አይሜሪያ የሚባል፣ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ከታመመ ጫጩት ኩስ ጋር የሚወጣው እንቁላሉ በወጣበት ሰዓት አይበክልም። ሙቀት፣ እርጥበትና አየር ሲያገኝ ግን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይበስላል። ጤነኛው ጫጩት ጉዝጓዙን ሲጭር ይለቅመዋል፤ ደሙ የሚታየው ከአራት እስከ ስድስት ቀን ቆይቶ ነው። ስለዚህ ደም በታየበት ዕለት በክፍሉ ያሉት ጫጩቶች ሁሉ እንደለቀሙት መቁጠር ይገባል፤ የደከሙትን ብቻ ለይቶ ማከም አይበቃም።

የታመመ ጫጩት ክንፉን ይጥላል፣ ላባውን ነፍቶ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል፣ መኖ ይተዋል፣ እግሩና ፊቱ ይገረጣል። ማረጋገጫው አዲስ የሞተውን መክፈት ነው። ጓንት አድርጎ ሆዱን በመቀስ ሲከፍቱት ሁለቱ ዕውር አንጀቶች አብጠው በደም ወይም በረጋ ደም ተሞልተው ከተገኙ ነገሩ ግልጽ ነው። ሬሳው ይቀበር ወይም ይቃጠል፤ ለውሻ አይጣል።

ተቅማጥ ሁሉ ግን ኮክሲዲዮሲስ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነጭ ኩስ መቀመጫው ላይ እየተለጠፈበት የሚሞት ጫጩት ፑሎረም የሚባል የባክቴሪያ በሽታ ይዞት ወይም ሙቀቱ ተዛብቶበት ሊሆን ይችላል። በሦስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት መካከል የሚመጣ ነጣ ያለ ውሃማ ተቅማጥ ጉምቦሮ የሚባለውን የቫይረስ በሽታ ያስጠረጥራል። አረንጓዴ ተቅማጥ ከትንፋሽ ማጠርና ከአንገት መጠምዘዝ ጋር ከመጣ ፈንግልን ማሰብ ነው። ለእነዚህ የኮክሲዲዮሲስ መድኃኒት ምንም አይፈይድም፤ የጉምቦሮና የፈንግል መከላከያ በጊዜው የተሰጠ ክትባት ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። የመጀመሪያው ምርጫ አምፕሮሊየም ነው፤ ብዙ ቦታ ግን ለተቅማጥ ሁሉ የሚሸጠው ኦክሲቴትራሳይክሊን ነው። ኦክሲ የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፤ አይሜሪያ ደግሞ ባክቴሪያ አይደለም። ከጥቂት ቀን በኋላ ደሙ ጋብ ሲል ኦክሲው የሠራ ይመስላል፤ የተረፉት ግን የበሽታው ዙር አልፎላቸው ነው የተረፉት፣ የሞቱት ደግሞ መዳን በሚችሉበት ቀን ነው የሞቱት።

አምፕሮሊየም 20 በመቶ ዱቄት ከሆነና ደም በግልጽ ከታየ ልኩ በአንድ ሊትር ውሃ 1.2 ግራም ነው፤ ለ20 ሊትር ጀሪካን 24 ግራም ማለት ነው። ይህ ለአምስት ቀን ይሰጣል። ከዚያ ወደ 0.3 ግራም በሊትር፣ ማለትም በጀሪካን 6 ግራም፣ ወርዶ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ይቀጥላል። ሕመሙ ቀላል ከሆነ በሊትር 0.6 ግራም ተጀምሮ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይሰጣል። ፈሳሽ 9.6 በመቶ የገዛ ሰው ለከባዱ በሊትር 2.5 ሚሊ ሊትር በስሪንጅ ይለካ። ከመግዛትዎ በፊት በፓኬቱ ላይ የተጻፈውን መቶኛ ያንብቡ፤ ከዚህ የተለየ ከሆነ ወይም ሰልፋ ከሚባል ሌላ መድኃኒት ጋር የተቀላቀለ ከሆነ ይህን ልክ አይጠቀሙ፣ በፓኬቱ ላይ ያለውን ይከተሉ። በሾርባ ማንኪያ መለካት ይቅር። አንዱ ለጥ አድርጎ፣ ሌላው ቆልሎ ይሰፍራል፤ ግራም የሚመዝን ትንሽ ሚዛን ከአንድ ቀን ኪሳራ ይረክሳል።

መድኃኒቱ በውሃ የሚሰጠው የታመመ ጫጩት መኖ ቢተውም መጠጣቱን ስለማያቆም ነው። ሌላ ውሃ በክፍሉ አይኑር። ትናንት ስንት ሊትር እንደጠጡ ለክቶ ለዛሬ የሚበቃውን ብቻ መበጥበጥ፣ ሲነጋም የተረፈውን ደፍቶ አዲስ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ወደ መጠጫው መሄድ ያቃተው ጫጩት ለብቻው ሞቅ ባለ ቦታ ተለይቶ፣ መንቁሩን ውሃው ውስጥ እየነከሩ በቀን ደጋግመው ያጠጡት።

አንድ ስሕተት ደግሞ አለ። «እንዲበረታ» ተብሎ አብሮ የሚሰጠው ቫይታሚን ቢ ሕክምናውን ያከሽፋል። አምፕሮሊየም የሚሠራው ተሕዋሱን ቫይታሚን ቢ1 በመከልከል ነው፤ እኛ በብዛት ስንጨምርለት መልሰን እናበላዋለን። ቢ ያለበት ቫይታሚን ሕክምናው እስኪያልቅ ይቆይ። በተቃራኒው ደግሞ ከልክ በላይ፣ ለረጅም ጊዜ የተሰጠ አምፕሮሊየም ጫጩቱን ራሱን ቢ1 ያሳጣዋል፤ አንገቱ ወደ ኋላ ይቀለበሳል፣ አሳዳጊውም ፈንግል መሰለኝ ይላል።

መድኃኒት ያለ ደረቅ ጉዝጓዝ ከንቱ ነው። ሰጋቱራውን ወይም ጭዱን በእጅ ጨምቆ መልቀቅ፤ እንደ ጭብጦ ከቀረ እርጥብ ነው፣ ከተበተነ ደህና ነው። እርጥበቱ የሚጀምረው ከመጠጫው ሥር ነው። መጠጫው ከጫጩቱ ጀርባ ከፍታ ጋር እኩል እንዲሆን በጡብ ይደገፍ ወይም ይንጠልጠል፤ ጫጩቱ ባደገ ቁጥርም ከፍ ይበል። የረጠበው ክፍል ታፍሶ ከግቢ ይውጣና ደረቅ ይተካ። በክረምት ብርድን ፈርቶ መስኮት ሁሉ መድፈን የትንፋሹንና የኩሱን እርጥበት ውስጥ ያስቀራል፤ ከታች ነፋስ ሳይገባ ከላይ አየር ይውጣ። እስከ አራት ሳምንት በካሬ ሜትር ከ20፣ ከዚያ በኋላ ከ10 ጫጩት ባይበልጥ ይመረጣል። በረኪና የአይሜሪያን እንቁላል አይገድልም። ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላ ጉዝጓዙን ጠርጎ፣ ወለሉን በፈላ ውሃና በሳሙና ፈትጎ፣ ፀሐይ እያስመቱ ማድረቅ የበለጠ ይጠቅማል።

የ45 ቀን ዶሮ ለሚገዙ ቤተሰቦችም አንድ ነገር እንጨምር። በሽቦ ወለል ላይ ያደገ ጫጩት ከኩሱ ጋር ሳይገናኝ ስላደገ ለዚህ በሽታ የመከላከል አቅም አያዳብርም። ዶሮ ኖሮበት በሚያውቅ ግቢ መሬት ሲረግጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሊታመም ይችላል፤ በነዚያ ቀናት ኩሱን በየጠዋቱ ማየት ነው።

ከመኖ ጋር የተያያዘ ማስጠንቀቂያም አለን። በአንዳንድ የጫጩት መኖ ውስጥ ለኮክሲዲዮሲስ መከላከያ ተብሎ ሞኔንሲን ወይም ሳሊኖማይሲን ይጨመራል። ይህን መኖ የበላ ፈረስ፣ በቅሎ ወይም አህያ ልቡ ተጎድቶ ሊሞት ይችላል። የተረፈ የዶሮ መኖ ለጋሪ ፈረስ አይሰጥ።

ጫጩት አከፋፋዮች ጫጩቱ ከየትኛው ክትባት ጋር እንደመጣ ከሚጽፉበት ወረቀት ላይ የአምፕሮሊየምን ልክ ቢጨምሩ፣ መኖ አምራቾችም በከረጢቱ ላይ የጨመሩትን የኮክሲዲዮሲስ መከላከያ ስምና መጠን በአማርኛ ቢጽፉ እንጠይቃለን። የእንስሳት መድኃኒት ቤት ባለሙያዎችም ኦክሲ ከማንሳታቸው በፊት ገዢውን «ስንት ሳምንቱ ነው? ኩሱ ደም አለው?» ብለው ይጠይቁልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዶሮ ጤና ባለሙያዎች፣ ከቢሾፍቱ