ስድስተኛዋ ስም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እሑድ ከልጄ ጋር ጣና ዳር ቁጭ ብለን የቤት ሥራዋን አየሁት። «አገር የጠቀሙ ሰዎች» ይላል። አምስት ስም ጽፋለች፤ ሁሉም ወንዶች። ሆዴን ባር ባር አለው።

«ወይዘሮ ስንዱ ገብሩስ?» አልኳት። ስማቸውንም አልሰማችም! ጣሊያን አዚናራ ደሴት ወስዶ ያሰራቸው አርበኛ ናቸው። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ። ቲያትርና ግጥም ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1957 ተመርጠው ፓርላማ ሲገቡ ከአገራችን ሴቶች የመጀመሪያዋ ነበሩ። እንደ ሕግ ባለሙያዋ መዓዛ አሸናፊ ያሉ የዛሬ ሴቶች የመጡት በዚያው መንገድ ነው።

ልጄ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ «6.» ብላ ጻፈች። «ስንዱ» በእሳቱ ሰ ነው በንጉሡ ሠ ብላ ጠየቀችኝ።

እባካችሁ፣ በልጆች ገጻችሁ ላይ የእነዚህን ሴቶች ታሪክ ከነፎቶግራፋቸው አውጡልን።

አንዲት እናት፣ ከባሕር ዳር