አለ፣ ግን አይጽፍም

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበትዎን ተሻለዎት?

ባለፈው ስደውል «እሑድን እንኳ የማያሳርፍሽ ምን የሚሉት ሥራ ነው?» ብለው ተቆጡኝ። ላስረዳዎ ስል መስመሩ ተቆራረጠ። ዕድሜዎን በመዝገብ ቤት ያሳለፉ ሰው ስለሆኑ ግን ጉዳዩ ከእኛ ኃላፊዎች ይልቅ ለእርስዎ ይገባዎታል ብዬ ጻፍኩልዎ።

ሰርቨር የሚባለው ትልቁ ኮምፒውተር ውሎውን ሁሉ ይመዘግባል። ማን ገባ፣ ማን የይለፍ ቃል ተሳሳተ፣ የቱ ፕሮግራም ወደቀ። ይህን ሎግ እንለዋለን። እኛ ጋ ጸሐፊው አርሲስሎግ የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ራይነር ጌርሃርድስ የሚባል ጀርመናዊ በ2004 የጀመረው። አሠራሩ ራሱ ግን የቆየ ነው። በ1980ዎቹ ኤሪክ ኦልማን የሚባል አሜሪካዊ ለኢሜይል ማመላለሻ ፕሮግራሙ ብሎ የሠራው ነው፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቅዳሜ ማታ ኦዲተሮች የሳምንቱን ሎግ ጠየቁ። ፋይሉን ብከፍተው ባዶ! ዜሮ ባይት። አርሲስሎግን ሁኔታውን ብጠይቀው ደግሞ በአረንጓዴ ቀለም «እየሠራሁ ነው» ይላል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አረንጓዴው የሚነግርዎ ፕሮግራሙ በሕይወት መኖሩን ብቻ ነው፤ ሥራውን መሥራቱን አይደለም። ስለዚህ እሱን ትቼ ሎገር በምትባል ትእዛዝ አንድ መስመር ላክሁ። ፋይሉ ላይ አልወጣችም።

ከዚያ የተለመደውን ፍተሻ ጀመርኩ። ዲስኩ ሞልቶ ይሆን? አልሞላም። ቦታ እያለ የፋይል ብዛት ገደብ የሚያልቅበት ጊዜም አለ፤ እሱም ደህና ነው። የመጻፍ ፈቃዱም፣ የቅንብር ፋይሉም ችግር የለባቸውም።

ፍንጩን ያገኘሁት የፋይሎቹን ዝርዝር ሳይ ነው። ያለፈው ሳምንት ፋይል፣ የተዘጋው፣ መጠኑ እየጨመረ ነው! ውስጡን ባይ የላክኋት መስመር እዚያ ተቀምጣለች።

ሎግሮቴት የሚባል ሌላ ፕሮግራም አለ። ፋይሉ እንዳይገዝፍ በየሳምንቱ የድሮውን ስም ይቀይርና በቦታው አዲስ ባዶ ፋይል ያስቀምጣል። ሰርቨሮቻችን በሚሠሩበት ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ላይ ግን አንድ ፕሮግራም ፋይል ከከፈተ በኋላ ስሙ ቢቀየርም እዚያው መጻፉን ይቀጥላል። እርስዎ መዝገብ ሲሞላ ዘግተው «ከዛሬ ጀምሮ በዚህኛው ጻፉ» ይሉ አልነበር? ሎግሮቴትም ለአርሲስሎግ ሃፕ የሚባል ምልክት መላክ አለበት። እሱን ሲሰማ የድሮውን ዘግቶ አዲሱን ይከፍታል።

ምልክቱ አልደረሰም። የሚልከው ትእዛዝ የአርሲስሎግን መለያ ቁጥር ከአንድ ትንሽ ፋይል ላይ ያነባል። በቅርቡ በተደረገ ለውጥ ያቺ ፋይል ሌላ ቦታ ሄዳለች፤ ትእዛዙ ግን የድሮውን ቦታ ነው የሚያየው። ታዲያ ለምን አልጮኸም? የትእዛዙን መጨረሻ ቢያዩት ይስቃሉ። ስህተት ከመጣ ወደማይታይበት ጣለው፣ ባይሳካም እንደተሳካ ቁጠረው ይላል። የእኛ ሰው የጨመረው እንዳይመስልዎ፤ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ የመጣ ነው። ታስቦበት ይሆናል፣ ለእኔ ግን አልተዋጠልኝም።

ጥገናው ከፍለጋው ቀለለ። በእጄ ሃፕ ላክሁና ወዲያው አዲሱ ፋይል ላይ መጻፍ ጀመረ። ቀጥሎ ትእዛዙን ቀየርኩት፤ ቁጥር ከፋይል ማንበቡ ቀርቶ ምልክቱን ሲስተምዲ በሚባለው፣ ሰርቨሩ ላይ ያሉትን አገልግሎቶች በሚያስነሳውና በሚቆጣጠረው ፕሮግራም በኩል በአገልግሎቱ ስም እንዲልክ። እሑድ የሄደው ሌሎቹን ሰርቨሮች ስፈትሽ ነው። ደግነቱ የድሮ ፋይሎችን የሚጨምቀው ቅንብር አልተከፈተም ነበር። ቢከፈት ኖሮ ዋናው ፋይል ተጨምቆ ይሰረዝ ነበር፤ አርሲስሎግም የተሰረዘው ላይ ሲጽፍ ይከርምና፣ እንደገና ባስነሳነው ቅጽበት ያ ሁሉ ጽሑፍ ድራሹ ይጠፋ ነበር። ኦዲተሮቹ የፈለጉትን ሰኞ ጠዋት ወሰዱ።

አሁን ሎገር በየሰዓቱ አንድ መስመር ይልካል፤ መስመሯ ፋይሉ ላይ ካልተገኘች ስልኬ ይጮኻል። እንግዲህ በሌሊት ቢጮህ አይቆጡኝ።

ለፋሲካ ፈቃድ ጠይቄአለሁ፣ ሳይፈቅዱልኝ አይቀሩም። የግፊት መድኃኒትዎ ሊያልቅ ሲል ቀደም ብለው ይንገሩኝ፤ ባለፈው እንዳደረጉት አልቆ ሳይሆን። ለእማዬ ሰላም ይበሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ